ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት

ህይወት በተቀበረች በአሥረኛው ቀን፣ ሰኞ ጠዋት፣ ደብዳቤ ላከች።

እኔ ያን ጊዜ ፍኖተ ሰላም ጣቢያ ቁጭ ብዬ የእሷኑ የምርመራ መዝገብ ለዐቃቤ ሕግ ልልክ እየጠረዝሁ ነበር። ስልክ ጮኸ።

«ኢንስፔክተር ደረሰ፣ ኧረ በማርያም ይድረሱልን! ሟቿ ጽፋለች!»

«ሟች መጻፍ ከጀመረች እኔ ምን እሠራለሁ? ራሷ መጥታ ቃሏን ትስጥ» ብዬ ዘጋሁ። ዳግመኛ ተደወለ። ባርኔጣዬን አድርጌ ወጣሁ፤ ምን ላድርግ።

የተደወለው ከገበሬዎች የእህል ዩኒየን ነው። ስሙን አልጠራም፤ ዛሬም እንጀራቸውን የሚበሉበት ሰዎች አሉ። ዋናው ቢሮ እዚሁ ፍኖተ ሰላም፣ መጋዘኖቹ ቡሬ ናቸው። ስደርስ ሠራተኛው ሁሉ ሥራ ፈቶ ግቢ ቆሟል። ከውስጥ ጭቅጭቅ ይሰማል። ገባሁ። አንድ ቄስ የጠበል ዕቃ ይዘው ሰርቨር የሚባለውን ማሽን ሊረጩ ሲሉ፣ የኮምፒውተር ባለሙያው ሙዓዝ በሩ ላይ ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆሟል።

«አባ፣ በሚያመልኩት! ውኃ ከነካው አለቀልን!»

«ጠበል ማንን ገደለ ልጄ?»

«አባ፣ ሰዉን ይርጩ» አልኋቸው። «ዕቃውን ለእኔ ይተዉልኝ።»

ደብዳቤው የመጣላት ጸሐፊዋ ሠርክአዲስ ናት፤ የሟች የልብ ጓደኛ። ወንበሯ ላይ ተኮራምታ ታለቅሳለች። ጽሑፉን ከኮምፒውተሯ ላይ በቁሜ አነበብሁት።

«ሠርኬ፣ ሀይሉ ደውሎልኝ ነበር። መጋዘን ሦስት ገብተሽ የበቆሎውን ናሙና አንሺ ብሎኛል። የነቀዙ መድኃኒት የሚገባው ነገ ነው አለኝ። ያ አቧራ ደግሞ ሊያስነጥሰኝ ነው! ስጨርስ እደውልልሻለሁ። የእህትሽን የሠርግ ፎቶ ሁሉንም ላኪልኝ፣ እንዳትሰስቺ። ህይወት።»

እኔ ሃያ ሁለት ዓመት በሬሳ መሐል የኖርሁ ሰው ነኝ። ግን ያቺን «እደውልልሻለሁ» ሳነብ ጀርባዬን በረደኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ህይወት ቡሬ ባሉት መጋዘኖች የእህል ጥራት ባለሙያ ነበረች፣ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ። ሐሙስ ጥር 15 ቀን 2006 ዓ.ም. መጋዘን ሦስት የነቀዝ መድኃኒት ገባበት። ክኒን ነው፤ ይበተንና በሩ ይታሸጋል፣ ቀስ እያለ መርዝ ይተፋል። ዘበኛው አያ ወልደ ሥላሴ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ቆለፉት። በማግሥቱ ረፋድ ላይ የህይወት እናት፣ ወይዘሮ እህተ ማርያም፣ ልጄ አልገባችም እያሉ መጡ። ስልኳ ጠረጴዛዋ ላይ ይጮሃል። አያ ወልደ ሥላሴ ቁልፉን ማታውኑ ለቢሮ አስረክበው ስለነበር፣ ማንንም ሳይጠይቁ በሩን በመጥረቢያ ሰበሩት። ህይወት ከበሩ ሁለት ክንድ ርቃ፣ አፍና አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠምጥማ ተኝታለች። የቀኝ እጇ አንጓዎች ተልጠዋል።

አያ ወልደ ሥላሴን ያሰርኋቸው እኔ ነኝ። ውስጡን ሳያዩ ቆልፈዋል፣ ሲንኳኳ ሰምተው አልከፈቱም፤ ራሳቸውም «ገዳይዋ እኔ ነኝ» ብለው ቃል ሰጥተዋል። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ዓርብ ፍርድ ቤት ይቀርባሉ። መዝገቡ አልቆ ነበር እኮ!

ሙዓዝን ብቻውን ወሰድሁት። የሟችን ስም ይዞ የሚጽፍ ሕያው መኖር አለበት ብዬ ነው።

«የእሷን የይለፍ ቃል ማን ያውቃል?»

«እኔ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ማንም አያውቅም።» ጢሙን ዳበሰ። «አሁን እኔ ልታሰር ነው?»

«ሐሙስ የት ነበርህ?»

«ዱርቤቴ፣ የአጎቴ ልጅ የናጂሃ ሠርግ ላይ። ሁለት መቶ ሰው አይቶኛል። ዓርብ ከሰዓት ነው የተመለስሁት።»

«ታዲያ ይህን ደብዳቤ ማን ላከው?»

«ራሷ። ሐሙስ።» ወንበሩን ሳብ አደረገ። «የሰው ፖስታ ሣጥን ከሞላ አዲስ ደብዳቤ አይገባለትም። ሰርቨሩ ግን አይጥለውም፤ ወረፋ ላይ አቁሞ እየደጋገመ ይሞክራል። የሠርክአዲስ ሣጥን በእህቷ የሠርግ ፎቶ ጢም ብሎ ነበር። ዛሬ ጠዋት አጸዳሁላት፣ የቆመው ሁሉ ገባ። ሌላ ቦታ ቢሆን በአምስት ቀኑ ወደ ላኪው ይመለስ ነበር። እዚህ መብራቱም መስመሩም ስለሚጠፋብን እኔ ሁለት ሳምንት እንዲጠብቅ አድርጌዋለሁ።»

«ስለዚህ ሙት አላስነሣህም።»

«ሣጥን ነው ያጸዳሁት ጌታዬ።»

ደብዳቤው ላይ የታተመው ሰዓት 7:50 ኤ.ኤም ይላል። በእኛ ስንት ነው አልሁት፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃምሳ አለኝ። ጻፍሁት።

እንግዲህ አቶ ሀይሉ ጋ ልሂድ። የክምችት ክፍል ኃላፊ ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጠረጴዛው ላይ አንዲት ወረቀት ያልተንጋደደችበት ሰው። ወደ ዞን ያድጋል እየተባለ ይወራል። ገና ሳልቀመጥ ማኅደር ከፈተ።

«ይህን ለእርስዎ አሳትሜ አልሰጠሁም?»

ሰጥቶኛል። መዝገቤ ውስጥ ቁጥር አራት ማስረጃ ነው። «ለህይወት፦ መድኃኒቱ ዛሬ ይገባል። መጋዘን ሦስት እንዳትገቢ» ይላል። የሐሙስ ቀን አለበት፤ ሰዓቱ 9:05 ኤ.ኤም፣ ማለትም ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአምስት።

«ግን ነገ ነው ብለዋት ነበር» አልሁት።

«ብያት ነበር፣ መቼ ካድሁ? ማልጄ ደወልሁላት። በኋላ ሐሳቤን ቀየርሁና ጻፍሁላት። ካላነበበች እኔ ምን ላድርግ?»

«አያ ወልደ ሥላሴ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደውለውልዎታል።»

«ደውለዋል። ‹ውስጥ የሚንኳኳ አለ› አሉኝ። አይጥ ይሆናል፣ እንዳይከፍቱ፣ ይሞታሉ አልኋቸው። ጠዋት አስጠንቅቄያት ሳበቃ ሰው አለ ብዬ እንዴት ልገምት ኢንስፔክተር?» ዓይኑ ዕንባ አቀረረ። «እኔም እኮ እንቅልፍ የለኝም።»

አመንሁት። ሰው ሲያለቅስ ማመን አመሌ ነው፤ ሚስቴ ዘወትር ትስቅብኛለች።

ቢሆንም በማግሥቱ ቡሬ ሄድሁ። መጋዘኑ የታጠበ ቢሆንም የበሰበሰ ዓሣ የመሰለ ሽታ አለው፤ ወይም ለእኔ ሸተተኝ። ከላብራቶሪው ወደ መጋዘኑ የምታስገባ ጠባብ በር አለች። ህይወት በዚያ ገብታ ከኋለኛው ክምር አናት ላይ ናሙና ታነሣ ነበር። መድኃኒቱን ከበተኑት አንዱ ክንዱ ይባላል፤ ያቺን በር እሱ ነው ከውጭ ቀርቅሮ በፕላስተር ያሸጋት።

«ሰው አለ ብለህ አልተጣራህም?»

«ተጣራን እንጂ! አያ ወልደ ሥላሴም ተጣሩ። ያ ወፍጮ እያጓራ ማን ይሰማል?» በእጁ አሳየኝ። ከግድግዳው ጀርባ ወፍጮ ቤት አለ።

«መቼ ነው ግቡ የተባላችሁ?»

«ለዓርብ ነበር የተነገረን። ሐሙስ ምሳ በልተን ስንመለስ አቶ ሀይሉ ደወለና ዛሬውኑ ጨርሱት አለን።»

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት የተወሰነ ነገር ለሠራተኛው ከምሳ በኋላ ይነገራል? ቢሮ ነው፣ ይረሳል አልሁ። ግን ነገሩ እንደ ጥርስ ውስጥ ሥጋ ቆረቆረኝ።

እዚያው ቡሬ፣ ወይዘሮ እህተ ማርያም ቤት ለቅሶ ደራሽ አሁንም አልጠፋም። ሰው ሹክ ይላል፤ ዕጮኛዋ ባለፈው ዓመት ትቷት ነበር፣ ራሷ ነች የገባችው የሚሉ አሉ። አፋቸው ይያዝና።

«እማማ፣ ሐሙስ ከቤት ስንት ሰዓት ወጣች?»

«ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው የኔ ጌታ። ለቅዳሜ ሠርግ ተጠርታ ስለነበር ማልዳ ጎንጉኝልኝ አለችኝ። ሬዲዮው የሁለት ሰዓቱን ዜና ጨርሶ ገና አንድ ጎን ቀርቶኝ ነበር።» መዳፋቸውን አዩት። «በዚያው ጉንጉን ቀበርኋት።»

አንድ ሰዓት ከሃምሳ ላይ ፀጉሯን ለእናቷ ሰጥታ የተቀመጠች ልጅ፣ በዚያው ሰዓት ቢሮ ሆና እንዴት ደብዳቤ ትጽፋለች? የመናፍስት ነገር አልወድም። መኪናዬን አስነሥቼ ተመለስሁ።

ጣቢያ ስደርስ መጀመሪያ እስር ክፍሉን አየሁ። አያ ወልደ ሥላሴ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ምግባቸው እንደተከደነ ነው።

«አያ፣ እህል ይቅመሱ እንጂ።»

«አይወርድልኝም።»

«ዘጠኝ ሰዓት መሆኑን በምን አወቁ?»

«የቡሬ መብራት ጠፍቶ ወፍጮው ቆመ። ጸጥ ሲል ሰማኋት። ስልኬም ይናገራል፣ ያኔውኑ ነው የደወልሁ። አለቃ አይጥ ነው አለኝ። ቁልፉ እኮ በእጄ ነበር ደረሰ! እንደገና ስጠጋ መንኳኳቱ ቆመ። ዝም ስትል ደስ አለኝ። ይሰማሃል? ደስ አለኝ!»

ምግባቸውን ወደ እሳቸው ገፋ አድርጌ ወጣሁ።

በማግሥቱ ሙዓዝን «የሐሙስን ሁሉ አውጣልኝ፣ ማን ለማን፣ በስንት ሰዓት» አልሁት። ሁለት ገጽ አተመልኝ። እንግሊዝኛው ለእኔ የዝንብ ኩስ ነው፤ ቁጥር ግን አነባለሁ።

«ይህች የመጀመሪያዋ የማን ናት?»

«የሠርክአዲስ። ‹ሰርቨሩ ተነሥቷል፣ መጻፍ ትችላላችሁ› ብላ ለሁሉም።»

«4:35 ኤ.ኤም። በእኛ?»

አሰበ። «ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ከሠላሳ አምስት።»

«ሠርክአዲስ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት እዚህ ምን ታደርጋለች? ከዶሮ ጋር ነው የምትገባው?»

እኔ በእርሳሴ ወደ ታች ወረድሁ። አምስት ሰዓት ላይ ሦስት ደብዳቤ፣ ስድስት ላይ ሁለት። ከስድስት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል አንድም የለም። ከዚያ እንደገና ይጀምራል። የመጨረሻው አሥራ አንድ ከሃያ፤ ከዚያ ወዲያ ጭጭ።

«እናንተ ምሳ የምትወጡት ስንት ሰዓት ነው?»

«ስድስት ተኩል። ሰባት ተኩል እንመለሳለን።»

«ከሥራ የምትወጡትስ?»

«አሥራ አንድ ተኩል...» አለና ወረቀቱን ከእጄ ነጠቀኝ። «ያ ረቢ! በሐበሻ ሰዓት ነው! ቀኑን ሙሉ ሰርቨሩ በሐበሻ ሰዓት ነው የሠራው!»

ሠርክአዲስን ጠራናት። እየተርበተበተች መጣች።

«ሐሙስ ጠዋት መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰርቨሩ አልሠራ አለ። ሙዓዝ ሠርግ ላይ ስለነበር ደወልሁለት። ማብሪያውን ተጫኚ፣ ቀንና ሰዓት ሲጠይቅሽ ሙይለት አለኝ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ፣ አራት ከሃያ ይላል፤ እሱን ሞላሁ። ጥፋት ነው እንዴ?»

«የፈረንጁን አላልኋትም» አለ ሙዓዝ ራሱን ይዞ። «ባትሪው ስለሞተ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱን ይረሳል። ሁለት ዓመት ሙሉ ባትሪ ግዙልኝ እያልሁ! ዓርብ ስመጣ ሌሊቱን ጠፍቶ ኖሮ ሁሉን እንደ አዲስ ሞላሁት፤ የሐሙሱን አላየሁም።»

«ደብዳቤ የሚጽፈው ሰው ኮምፒውተርስ? የራሱ ሰዓት የለውም?»

«አለው፤ ግን ሁላችንም የምንጽፈው ሰርቨሩ ላይ ገብተን ነው። የሚታተመው የሰርቨሩ ሰዓት ነው።»

ቁጭ አልሁ። ህይወት የጻፈችው ሰባት ከሃምሳ ላይ፣ ከምሳ በኋላ ነው። በሩ የተቆለፈው ስምንት ተኩል። አያ ወልደ ሥላሴ የደወሉት ዘጠኝ። የአቶ ሀይሉ «እንዳትገቢ» የተጻፈችው ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ነው፣ ከቀትር በኋላ። ልጅቷ እያንኳኳች እያለ።

ያችን ወረቀት መዝገቤ ውስጥ ያስገባሁ፣ አምስት ልጅ ባሳደጉ ሽማግሌ ላይ በእሷ ምክንያት በር የዘጋሁ እኔ ነኝ። አፈርሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኔ ግን ሳይነጋ መዝገብ ልዘጋ ነበር።

አቶ ሀይሉን ጣቢያ አስጠራሁት። ሁለቱን ገጾች ፊቱ ዘረጋሁ።

«የምሳ ሰዓታችሁን እዚህ ላይ አሳየኝ» አልሁት። አንቱታውን ትቼዋለሁ።

ጣቱ ስድስት ተኩል ላይ አረፈች፣ ወደ ታች ወረደች፣ የራሱ ስም ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ረስቻት ነበር» አለ። «በእግዚአብሔር፣ ረስቻት ነበር። ቅዳሜ ግምገማ ነበረብን። ሥራው ተጓተተ ተብዬ ሁለቴ ተገምግሜአለሁ፤ ከቅዳሜ በፊት እንዲያልቅ ብዬ ነው ሐሙስ ግቡ ያልኋቸው። ዘበኛው ሲደውል ነው ትዝ ያለችኝ።»

«ያን ጊዜ ‹ክፈት› ማለት ነበረብሃ!»

«‹ክፈት› የምትለዋ ቃል አፌ ላይ ነበረች።» ወረቀቱን ገፋ አደረገው። «ሰው ያለበት መጋዘን መርዝ አስገባ ተብዬ መድረክ ላይ ስቆም ታየኝ። ምናልባት አይጥ ነው አልሁ። ምናልባት በትንሿ በር ትወጣለች አልሁ። ስልኩን ዘጋሁና ጻፍሁላት። ኋላ ሳሳትመው ኤ.ኤም ይላል። እግዜር ያዘነልኝ መሰለኝ።»

«አስከሬኗን የመረመረው ሐኪም ምን እንዳለ ታውቃለህ? ያ መርዝ ቀስ ብሎ ነው የሚገድለው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩ ቢከፈት ልጅቷ ዛሬ ቢሮዋ ነበረች።»

«አውቃለሁ» አለ። «ባለሙያው እኔ ነኝ።»

ተነሥቼ መስኮቱን ከፈትሁ። በአንዲት ቃል የሚድን ሰው ነበር፤ እሱ ሁለት መስመር ሙሉ ጻፈ። ልመታው ፈልጌ ነበር፣ እውነቱን ልናገር። አልመታሁትም።

ሐሙስ ረፋድ ላይ አያ ወልደ ሥላሴ ተለቀቁ። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ሰዓቱን፣ ደብዳቤውን፣ የሀይሉን ቃል። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር፣ ሞኝ ነኝ። ፊርማቸውን አኑረው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ አይሄዱም።

«ነጻ ነዎት እኮ አያ።»

«የት ልሂድ?»

በዚህ መሐል ወይዘሮ እህተ ማርያም ከቡሬ በሚኒባስ መጥተው ገቡ። ያስጠራኋቸው እኔ አይደለሁም። ፖሊሶቼ አያ ወልደ ሥላሴን ሊያሸሹ ብድግ አሉ፤ የሟች እናትና የታሰረ ሰው በአንድ ክፍል አይገናኙም። እሳቸው ግን በመሐላቸው አልፈው አግዳሚው ላይ፣ ከሽማግሌው አጠገብ ተቀመጡ። አያ ወልደ ሥላሴ ሊንበረከኩ ሲሉ ክንዳቸውን ያዟቸው።

«ይተዉ። ለዚያ አልመጣሁም። አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው» አሉ። «ያችን ሰዓት ልጄን የሰማት እርስዎ ብቻ ነዎት። እንዴት አድርጋ አንኳኳች?»

የጣቢያው ጽሕፈት መኪና ቆመ። አያ ወልደ ሥላሴ እኔን አዩኝ።

«ሦስት ጊዜ» አሉ በመጨረሻ። «ትንሽ ቆይታ ደግሞ ሦስት ጊዜ። ቀስ ብላ ነበር እሜቴ፣ ሰው እንዳልረብሽ እንደምትል።»

«ጮኸች?»

«ወፍጮው ቆሞ ነበር። ብትጮህ እሰማ ነበር። አልጮኸችም።»

«አትጮህም» አሉ እናቲቱ። «ከልጅነቷም ጩኸት አታውቅም። በሩ እንደሚከፈትላት ታውቃለችና።»

አያ ወልደ ሥላሴ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ተንሰቀሰቁ። ወይዘሮ እህተ ማርያም አላባበሏቸውም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እስኪወጣላቸው ጠበቁ፤ እኔም ጠበቅሁ።

«ሌላስ?» አሉ ኋላ። «ሌላ የሰሙትን ይንገሩኝ። ሁሉንም ይንገሩኝ።»